ሞዴሉ የተማመነበትና ልኬቱ ያሳየው፦ የወባን ኢንዛይም ቅርጽ ከደሴ ሆኖ የማጥራት ተሞክሮ

ኑሮዬ ደሴ፣ ኬሚስትሪ የማስተምርበት ኮሌጅ ደግሞ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት በሚኒባስ የጦሳ ተራራን ጉም ወደ ኋላ ትቼ ቁልቁለቱን ስወርድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ከኮምቦልቻ አልፎ ወደ ሐርቡና ወደ ጨፋ ሜዳ ሲወረድ ደግሞ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ወባ ከቤት የማይጠፋበት አገር ነው። ሐርቡ የምትኖረው አክስቴ የወባ ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ የምታስታውሰው ፋንሲዳርን ነው። «ልጄ፣ ሦስቱን ክኒን በአንድ ጊዜ ውጠን ሰንበትበት ሳንል ማሳ እንወርድ ነበር፤ ኋላ ግን ብንውጠውም ባንውጠውም አንድ ሆነ» ትለኛለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፋልሲፓረም ወባ ፋንሲዳርን ትታ ኮአርተምን የመጀመሪያ ተመራጭ መድኃኒት ማድረጓን ከንባብ አውቅ ነበር። ክኒኑ ለምን «አንድ እንደ ሆነ» ግን በሞለኪውሉ ቅርጽ ላይ በዓይኔ ማየት፣ አይቼም ለተማሪዎቼ ማሳየት ፈለግሁ።

ከዚያ ፍላጎት የተነሣ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ትርፍ ጊዜዬን ማሽን ለርኒንግ (ከመረጃ እየተማረ የሚገምት የኮምፒውተር ዘዴ) የፕሮቲንን ቅርጽ እንዴት እንደሚተነብይና የተተነበየውም ከልኬት ጋር እየተያየ እንዴት እንደሚታረም በመማር አሳለፍኩ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አንድ ላፕቶፕና የሚቆራረጥ ኢንተርኔት ይዘው ለሚጀምሩ ሰዎች ነው። እኔ ሁለት ወር የፈጀሁበትን ስሕተት እነሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያልፉት እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ኢንዛይሙ። ፋንሲዳር ሰልፋዶክሲንና ፒሪሜታሚን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች ጥምር ነው። ፒሪሜታሚን የሚያጠቃው ዳይሃይድሮፎሌት ሪዳክቴዝ የተባለውን ኢንዛይም ሲሆን፣ ጥገኛው ተሕዋስ ያለዚህ ኢንዛይም ዲኤንኤውን ለማባዛት የሚያስፈልገውን ፎሌት ማዘጋጀት አይችልም። በወባ ተሕዋስ ውስጥ ይህ ኢንዛይም ለብቻው አይገኝም፤ ቲሚዲሌት ሲንቴዝ ከሚባል ሌላ ኢንዛይም ጋር በአንድ ሰንሰለት ላይ ተቀጥሎ በጠቅላላው 608 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ጡብ) ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ 108ኛው ሴሪን ወደ አስፓራጂን ሲለወጥ፣ አስፓራጂን ከሴሪን የሚበልጥ ስለሆነ፣ የፒሪሜታሚን ክሎሪን የያዘው ቀለበት ቀድሞ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ይጋፋዋል። ከዚያ በ51ኛው፣ በ59ኛውና በ164ኛው ቦታ ተጨማሪ ለውጦች ሲደራረቡ መድኃኒቱ መቀመጫ ያጣል። የአክስቴ ክኒን ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው።

አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 በአሥራ አራተኛው የፕሮቲን ቅርጽ ትንበያ ውድድር ላይ ከሌሎቹ ሁሉ በሰፊው ልቆ መገኘቱን፣ አሠራሩም በ2021 ታትሞ ኮዱ ለሁሉም መለቀቁን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በዚሁ ሥራ፣ ዴቪድ ቤከር ደግሞ በፕሮቲን ንድፍ፣ የ2024ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። እኔ የተጠቀምኩት ኮላብፎልድ የሚባለውን፣ በጉግል ኮላብ ላይ (ማለትም በኢንተርኔት አማካይነት በጉግል ኮምፒውተሮች ላይ) በነጻ የሚሠራውን ቅጂ ነው። እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በአንድ ፊደል ስለሚጻፍ የ608ቱን ፊደል ሰንሰለት ትለጥፋላችሁ፤ ፕሮግራሙ በመላው ዓለም ከተመዘገቡ ፕሮቲኖች መካከል የዚህን ዘመዶች ፈልጎ ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል፤ ከዚያ ነርቭ መረቡ (ከመረጃ የተማረው የፕሮግራሙ ክፍል) «ይህኛው ቦታ ሲለወጥ ያኛውም አብሮ ይለወጣል» የሚለውን የዝምድና ዱካ እያነበበ የትኞቹ አሚኖ አሲዶች በቅርጹ ውስጥ እንደሚጎራበቱ ይገምታል። በመጨረሻም አምስት ሞዴሎችን በደረጃ አስቀምጦ ይሰጣል።

ስለ ኢንተርኔትና ስለ መብራት አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በሳይንሱ ሳይሆን በዚህ ነው። ኮላብ ግንኙነቱ ሲቋረጥ የሠራውን አያቆይላችሁም። ስለዚህ ገና ስትጀምሩ ውጤቱ በቀጥታ ጉግል ድራይቭ ላይ እንዲቀመጥ አድርጉ። የዘመዶቹን ድርድር የያዘው ፋይል ሲወጣ ወዲያው አውርዳችሁ ያዙት፤ ፍለጋው አንድ ጊዜ ከተሠራ በሚቀጥለው ሙከራ ያንኑ ፋይል ማስገባት ይበቃል። እኔ ይህን ሳላውቅ ለአንድ ፕሮቲን ስድስት ጊዜ ፍለጋውን ደግሜያለሁ። ቅርጹን የምታዩበት ሶፍትዌር ግን ላፕቶፑ ላይ የሚጫን ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪው እስካለ ድረስ መሥራት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሞዴል የወጣበትን ምሽት አልረሳውም። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ከ0 እስከ 100 የመተማመን ነጥብ ይሰጣል፤ ፒኤልዲዲቲ ይባላል። ከ90 በላይ ሲሆን ደማቅ ሰማያዊ፣ ከ70 እስከ 90 ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ከ50 እስከ 70 ቢጫ፣ ከ50 በታች ብርቱካናማ ይቀባል። የእኔ ኢንዛይም ሁለቱም ክፍሎች ከሞላ ጎደል ደማቅ ሰማያዊ ሆነው ወጡ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መካከለኛ ክፍል ብቻ እንደ ተበተነ ክር ብርቱካናማ ሆኖ ተንጠለጠለ። ብርቱካናማውን «የከሸፈ ትንበያ» ብዬ አዝኜበት ነበር። በኋላ እንደ ተማርኩት ግን እንዲህ ያለው ዝቅተኛ ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ያ ክፍል በተፈጥሮውም ቋሚ ቅርጽ የሌለው ሊሆን እንደሚችል ነው። ብርቱካናማውን ቆርጦ መተው እንጂ ቅርጹን አምኖ መተንተን አይገባም። ከዚህ ነጥብ ጋር አብሮ የሚወጣ ፒኤኢ የሚባል አራት ማዕዘን ሥዕልም አለ፤ እሱ የሚነግረው አንዱ ክፍል ከሌላው አንጻር በትክክል መቀመጡን ነው። ሁለት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ሰማያዊ ሆነው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ያላቸው አቀማመጥ ግን ግምት ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ሥዕል ሳያዩ ስለ ሁለት ክፍሎች ግንኙነት መጻፍ ያለ ሚዛን እህል እንደ መሸጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው የተሳሳትኩት። ሰንሰለቱ ላይ አራቱን ፊደላት ለውጬ መድኃኒት የተለማመደውን ሚውታንት (ለውጦቹን የተሸከመውን ኢንዛይም) ተነበይኩ። ሁለቱን አጋጥሜ ሳያቸው በመካከላቸው ትንሽ ልዩነት አገኘሁ፤ መድኃኒቱ በሚቀመጥበት ኪስ ዙሪያ አንድ የሰንሰለቱ ጥምዝ ፈንጠር ብሏል። ያንን ይዤ ፒሪሜታሚንን በሁለቱም ውስጥ በኮምፒውተር አስቀመጥኩ፤ በሚውታንቱ ላይ መድኃኒቱ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያዝ የሚገምተው ነጥብ አነሰ፤ ሥዕል ሠራሁ፤ ጽሑፍ ጀመርኩ። ሁለት ወር በዚህ ሄደ።

ጽሑፉን ውጭ አገር ለሚሠራ አንድ የክሪስታል ባለሙያ (የፕሮቲንን ቅርጽ ከክሪስታሉ በኤክስሬይ ለሚለካ ሰው) ስልክለት የመለሰልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «የአንዱ ሰንሰለት አምስቱ ሞዴሎች እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይለያያሉ?» አላየሁም ነበር። ያን ዕለት ማታ አጋጥሜ ለካሁ። በጤነኛው ማለትም ባልተለወጠው ኢንዛይምና በሚውታንቱ መካከል ያየሁት ልዩነት 0.2 አንግስትሮም ያህል ነበር፤ የጤነኛው አምስት ሞዴሎች እርስ በርሳቸው በዚያው ቦታ የሚለያዩት ደግሞ ከዚያ በላይ ነበር። አንግስትሮም የአንድ ሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው፤ እኔ ልዩነት ብዬ የጻፍኩት የፕሮግራሙን የራሱን መንቀጥቀጥ ነበር።

ምክንያቱን ሳስበው ግልጽ ሆነልኝ። ፕሮግራሙ ቅርጹን የሚያወጣው በዋናነት ከመላው የዘመድ ድርድር ነው፤ በሺዎች ከሚቆጠሩ ዘመዶች መካከል በአንዱ ላይ አራት ፊደል ብትለውጡ ያው የቤተሰቡን ቅርጽ ይመልስላችኋል። የነጠላ ለውጥን ውጤት እንዲተነብይ አልሠለጠነም። በዚያ ላይ ኮላብፎልድ የሚጠቀምበት አልፋፎልድ 2 የሠለጠነው እስከ ሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. በፕሮቲን ዳታ ባንክ በተቀመጡ ቅርጾች ሲሆን፣ የዚህ ኢንዛይም ክሪስታል ቅርጽ በታይላንድ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነው በ2003 ነው። ስለዚህ ደማቅ ሰማያዊው ያን ያህል ሊያስገርመኝ አይገባም ነበር፤ ፕሮግራሙ መልሱን አስቀድሞ አይቶታል። ፈተና አድርጌ የቆጠርኩት ፈተና አልነበረም።

እግረ መንገዴን ሌላውንም ስሕተት ልናገር። አልፋፎልድ 2 የሚተነብየው ፕሮቲኑን ብቻ ነው። ይህ ኢንዛይም ግን ሥራውን የሚሠራው ኤንኤዲፒኤች የሚባለውን ረዳት ሞለኪውል አጠገቡ ይዞ ነው፤ መድኃኒቱም የሚቀመጠው ከእሱ ጎን ነው። በሞዴሉ ውስጥ ያ ቦታ ባዶ ስለሆነ፣ መድኃኒቱን ያስቀመጥኩበት ፕሮግራም ግማሽ ጊዜ ፒሪሜታሚንን የኤንኤዲፒኤች ወንበር ላይ አስቀምጦልኛል። በ2024 የወጣው አልፋፎልድ 3 ትናንሽ ሞለኪውሎችንም አብሮ ይተነብያል፤ ይሁን እንጂ በየትኛውም ሞዴል ላይ መድኃኒት ከማስቀመጣችሁ በፊት «በሕያው ሴል ውስጥ እዚህ ቦታ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

የክሪስታል ባለሙያው ምክር፣ ሞዴሉን ከመጠየቅ ይልቅ የተለካውን መረጃ ራሱን አውርጄ እንድሠራበት ነበር። የፕሮቲን ዳታ ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚሠራ ለሁሉም ክፍት የሆነ ማኅደር ነው፤ ከ2008 ወዲህ የክሪስታል ቅርጽ የሚያስገባ ሁሉ ከአተሞቹ ቦታ ጋር የኤክስሬይ ልኬቱን ጭምር ማስገባት ግዴታው ሆኗል። በአፍሪካ ምድር እስካሁን ለዚህ ሥራ የሚያገለግል ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ግዙፍ ማሽን) የለም፤ በ2017 በዮርዳኖስ የተመረቀው ሴሳሚ የቅርባችን ነው። ልኬቱን ግን ደሴ ቁጭ ብሎ ማውረድ ይቻላል፣ ያውም ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም። ይህ ዕድል ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

የመረጥኩት አራቱም ለውጦች ያሉበትን ሚውታንት ከፒ218 ጋር የያዘውን፣ በ2012 ይፋ የሆነውን ክሪስታል ነው። ፒ218 ሚውታንቱን እንዲያሸንፍ ታስቦ የተሠራ ሞለኪውል ነው፤ መካከሉ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ስለሆነ አስፓራጂኑን ሳይጋፋ ያልፋል።

የሥራው ጭብጥ እንዲህ ነው። ኤክስሬይ በክሪስታሉ ውስጥ ሲያልፍ በብዙ ሺህ ነጥቦች ይበተናል፤ የነጥቦቹን ድምቀት እንለካለን፤ ምስሉን መልሶ ለመሥራት ከሚያስፈልገው መረጃ ግማሹ ማለትም የሞገዶቹ ምዕራፍ (ፌዝ፦ እያንዳንዱ ሞገድ ከሌሎቹ አንጻር ከፍና ዝቅ የሚልበት ቦታ) ግን በልኬቱ ላይ የለም። ያንን የምንበደረው ከሞዴል ነው። እዚህ ላይ አልፋፎልድ እውነተኛ ጥቅሙን ያሳያል፤ ቀድሞ ተመሳሳይ ቅርጽ ያልነበረው ሰው ወራት ይፈጅበት የነበረውን መነሻ ሞዴል በአንድ ምሽት ይሰጣል። ለተማሪና ለተመራማሪ በነጻ የሚሰጠው ፊኒክስ የተባለ ፕሮግራም ነጥቡ ከ70 በታች የሆነውን ክፍል ቆርጦ፣ የመተማመን ነጥቡን ወደሚሠራበት መለኪያ ቀይሮ፣ ክፍሎቹን ለያይቶ ያዘጋጅላችኋል። ብርቱካናማው ክር የሚወገደው እዚህ ነው።

ሞዴሉ ከተቀመጠ በኋላ ማጥራቱ ይጀምራል፤ አተሞቹን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ፣ ከሞዴሉ የሚሰላውን ብተና ከተለካው ጋር ማስተያየት፣ ካርታውን (ኤሌክትሮኖች የት እንደተሰበሰቡ የሚያሳየውን ምስል) አይቶ በእጅ ማረም፣ እንደገና ማንቀሳቀስ። የሁለቱን ልዩነት የሚለካው ቁጥር አር ይባላል። ተመራማሪው አክሰል ብሩንገር በ1992 አር-ፍሪን ያስተዋወቀው ይህ ቁጥር ሰውን ስለሚያታልል ነው፤ ከነጥቦቹ ከመቶ አምስት ወይም አሥር ያህሉ ገና ከመነሻው ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ማጥራቱ አይነካቸውም፣ ሞዴሉ የሚፈተነው በእነሱ ነው። እኔ ስጀምር አር-ፍሪ 0.47 ነበር። ከአራት ዙር በኋላ 0.31 ደረሰ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ በካርታው ላይ ያየኋትን እያንዳንዷን ነጠብጣብ «ውሃ ነው» እያልኩ መሙላት ጀመርኩ። ዋናው አር ወደ 0.21 ወረደ፤ አር-ፍሪ ግን ከ0.31 ፈቀቅ አላለም። ይህ ክፍተት ሲሰፋ የምትጨምሩት ነገር በክሪስታሉ ውስጥ ሳይሆን በምኞታችሁ ውስጥ ያለ ነው። ከውሃዎቹ ከግማሽ በላይ አጠፋሁ፤ የቀሩት እውነተኛ ጎረቤት ያላቸው ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው አር-ፍሪ 0.27 የደረሰው።

የራማቻንድራንን ሥዕልም አትርሱ። ይህ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1963 ከቀረበ ወዲህ የፕሮቲን ጀርባ አጥንት የሚታጠፍባቸውን ማዕዘኖች የምንመዝንበት ነው፤ በጥሩ ቅርጽ ላይ ከመቶ 98 በላይ የሚሆነው በሚመቸው ክልል ይወድቃል። አልፋፎልድ በዚህ ፈተና ስለሚያልፍ ማዕዘኖቹ ያማሩ መሆናቸው ሞዴሉ ልክ መሆኑን አያረጋግጥም። ያማረ ግን ከካርታው ውጭ የቆመ የሰንሰለት ጥምዝ አግኝቻለሁ።

ፒ218ን ወደ ካርታው ከማስገባቴ በፊት የሞለኪውሉን ዘና ያለ ቅርጽ ለማግኘት ሌላ ዓይነት ማሽን ለርኒንግ ሞከርኩ። የኳንተም ስሌት ውጤቶችን አጥንተው የአተሞችን ኃይል በፍጥነት የሚገምቱ የነርቭ መረቦች አሉ፤ በ2017 የወጣው አኒ-1 ከእነሱ አንዱ ነው። በላፕቶፔ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጀውን ስሌት በጥቂት ደቂቃ ጨረሰልኝ። ነገር ግን አኒ-1 የሚያውቀው ሃይድሮጂንን፣ ካርቦንን፣ ናይትሮጂንንና ኦክሲጅንን ብቻ ነው፤ ክሎሪን ያለበት ፒሪሜታሚን ከዕውቀቱ ውጭ ነው፤ ለዚያ አኒ-2ኤክስ ያስፈልጋል። ሁለቱም ደግሞ የተማሩት ቻርጅ በሌላቸው ሞለኪውሎች ስለሆነ፣ የፒ218 ጅራት በኢንዛይሙ ውስጥ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ 122ኛውን አርጂኒን መያዙን አያውቁም። ስለዚህ የመካከለኛውን ክፍል ቅርጽ ከእሱ ወሰድኩ፤ ጅራቱን ግን ለካርታው ተውኩ። በየትኛውም ሞዴል ፊት መጀመሪያ የምጠይቀው ከዚያ ወዲህ አንድ ነው፤ ምን አይቶ ተማረ?

አሁን ወደ አክስቴ ክኒን ልመለስ። ወደ ሚውታንቱ ልኬት ያስገባሁት የጤነኛውን ኢንዛይም ሞዴል ነበር፤ በ108ኛው ቦታ ላይ ሴሪን ያለበትን ማለት ነው። ሆን ብዬ ያደረግሁት ነው። አስፓራጂን ያለበትን አስገብቼ ቢሆን ኖሮ፣ ምዕራፉን ከዚያው ሞዴል ስለምበደር፣ በካርታው ላይ የማየው የራሴን አስፓራጂን ሊሆን ይችል ነበር። ፈልጋችሁ የምታስገቡት ነገር መልሶ ይታያችኋል። ስለዚህ የምትፈልጉትን ነገር ከሞዴሉ አስቀርታችሁ ልኬቱ በራሱ እንዲያመጣው ጠብቁ፤ ሁለት ወር ከፍዬ የገዛሁት ምክር ይህ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ውጭ ዝናብ ይጥላል፤ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ነው የሚሠራው። ኩት በሚባለው ፕሮግራም ላይ ወደ 108ኛው ቦታ ሄድኩ። በኩት ላይ ሞዴሉ የማያስረዳው ቅሪት አረንጓዴ፣ ሞዴሉ ያለ ቦታው ያስቀመጠው ደግሞ ቀይ ሆኖ ይታያል። ከኪሱ በአንደኛው በኩል ማንም ያላስገባው ኤንኤዲፒኤች ሙሉ ቅርጹን ይዞ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት ቀለበቶች እንኳ ይለያሉ። ከጎኑ ፒ218 ታጥፎ አለ። ከሴሪኗ አጭር ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ ኪሱ የሚዞር፣ በመጨረሻው ሁለት ቅርንጫፍ የሚያወጣ አረንጓዴ ጉብታ ወጥቷል። አስፓራጂን ነው። ሞዴሉ ሴሪን ይላል፤ ልኬቱ ግን አስፓራጂን ይላል። ፒሪሜታሚንን ከሌላ ክሪስታል ወስጄ በዚያው ቦታ ሳስቀምጠው፣ ክሎሪን የተሸከመው ቀለበት በቀጥታ ከዚያ ጉብታ ጋር ይጋጫል።

አራቱም ለውጦች እንዲህ አልታዩኝም። 164ኛው አይሶሉሲን ወደ ሉሲን ሲለወጥ የአተሞቹ ብዛት ስለማይለወጥ አረንጓዴና ቀይ ጎን ለጎን ሆኖ ቅርንጫፉ መዞሩን ብቻ ነው የሚናገረው፤ የ59ኛው አርጂኒን ደግሞ ጫፉ ደብዝዞ ነበር። የደበዘዘውን ደብዛዛ ብዬ ጻፍኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ላፕቶፑን ይዤ ሐርቡ ወረድኩና ለአክስቴ አሳየኋት። አረንጓዴውን ጉብታ በጣቷ ነክታ «ይህች ናት ክኒኑን የከለከለችው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አሁን የጀመርኩት በእኛ አካባቢ አብሮ የሚገኘውን የቫይቫክስ ወባ ኢንዛይም ነው፤ በእሱ ላይ ተመሳሳዩ ለውጥ የሚገኘው በ117ኛው ቦታ ነው። የጤነኛውን ሞዴል ሠርቻለሁ፤ አምስቱንም እርስ በርስ አስተያይቻለሁ፤ 117ኛው ላይ ሴሪኑን እንዳለ ትቼዋለሁ።